የብሎን ቆጣሪው ልጅ

አባቴ ሐዲድ ላይ አረጀ፣ በእግሩ፣
ከድሬ እስከ ሽኒሌ፣ ቁልፉ በትከሻው፣ በኪሱ ደብተሩ።
የላላውን ያጠብቃል፣ የጎደለውን ይጽፋል፤
ግመል ተኝቶ ካገኘም ሰድቦት ያልፋል።
«አንዲት ብሎን ብትወልቅ ባቡሩ አይነግርሽም፤
ዛሬ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ነገም። በሦስተኛው ግን አይምርሽም።»

እኔም ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ በቆጠራ፣
ፊደሉ አራት ብቻ በሆነ፣ ነጥብ በሌለው ተራ።
እሱም ሐዲድ ነው ለካ፣ ጥንድ ሆኖ የተጠማዘዘ፣
በአግዳሚ ርብራብ የተያያዘ፤
በቢንቢ ሆድ ውስጥ፣ በእግሯ፣ ከፀጉር በቀጠነው ክንፏ ላይ፣
ፉጨቱ የማይሰማ፣ ጭሱ የማይታይ።

ሥራው ገንደ ቆሬ ተጀመረ፣ በርሜል ለበርሜል።
ውኃ በስምንት ቀን አንዴ ለሚደርሰው ሰፈር
በርሜል ማለት ካዝና ነው፣ ለእንግዳ አይከፈት፤
አዴ ሂንድያ ብቻ ናት ክዳኑን ገፍታ ያየችን ፊት ለፊት፦
«ትሉን ውሰዱት፣ የናንተ ነው።
ውኃዬን መልሱ፣ ጠብታ ሳትቀንሱ።»
ቡሽራ ጨለፈ። ጭልፋው የእናቱ ነበር፤
የፕሮጀክቱ ጭልፋ እስከ ዛሬ ጅቡቲ ላይ ነው፣ ቀረጡ ሲቆጠር።

ሰኔ ላይ መብራት ሄደ። አንድ ቀን። ሁለት። ቆርቆሮው ይንጣጣል፣
ማቀዝቀዣው ያልበዋል።
አራት መቶ ብልቃጥ ታቅፌ፣ በባጃጅ፣ ወደ ከዚራ፣
«ቀስ!» ባልኩት ቁጥር ሹፌሩ ዞሮ ከኔ ጋር ሲያወራ።
ሙሴ ስቴፋኖ፣ ጀላቲ ሻጩ፣ የማንጎውን ባልዲ አወጣ፣
የሰፈር ልጅ ሁሉ ማንኪያ ይዞ መጣ።
«የቢንቢ እግር ከማንጎ በለጠ?» አለ፣ ሳቀ፣ ቦታ ለቀቀ።
ደረሰኝ የለኝም፤ ሒሳብ ሹማችን ዓመቱን ሙሉ ጠየቀ።

ከዚያ ብልቃጡ ሄደ። አንዱ ዘንድ ማሽን አለ፣ አንዱ ዘንድ ስሌት፣
አንዱ ዘንድ ገንዘብ፤ እኛ ዘንድ ሙቀት፣
ትልና ትዕግሥት።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሜልቦርን ሲነጋ፣
ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ መስመሩ እስኪረጋ
ሻሼን አስተካክላለሁ፣
ስቆጥራት የከረምኳትን ራሷን፣ ክንዴ ላይ፣ በጥፊ እገድላለሁ።

አንድ ሌሊት ከናይሮቢ ኦዲያምቦ ድምፁ ተሰበረ፦ «እዚህ ጋ እዪ።»
ከሁለት መቶ ሚሊዮን በላይ ፊደል፣ አንዲት ተቀይራለች።
በሷ የተነሣ ቢንቢዋ መድኃኒት የረጨንበት ግድግዳ ላይ
ተቀምጣ ታርፋለች።
የላላች ብሎን። አልጮህኩም። ደብተሬ ላይ ቁጥሩን ጻፍኩ፣
እንደ አባቴ፣ በእርሳስ። ቀኑን ጨመርኩ።

ሠላሳ ስምንት ስም ሆነን ጽሑፉ ሊወጣ ሲል
ቡሽራ የለም። «ምስጋናው ሥር ይግባ» አሉኝ፣ «ደንቡ እንዲህ ይላል።»
አራት ወር ተጻጻፍን። ብዙ አልተፈላሰፍኩም፦
«ከሱ ጭልፋ ያልተነሣ አንድ ፊደል ካላችሁ አሳዩኝ፤ እኔ አላየሁም።»
ሠላሳ ዘጠነኛ ሆኖ ገባ፣ የአባቱን ስም አሳስተው።
ቡሽራ በስልኬ አየው፣ በሁለት ጣቱ አስፍቶ፤
«ይሄ እኔ ነኝ?» «ነህ።»
«አባቴ ግን አይደለም» አለ፣ ሳቁን ጀምሮ ትቶ።

አባቴ አሁን ለገሃር ፊት ለፊት ወንበር አለው፤
ያ ባቡር ከቀረ ቆየ፣ ሐዲዱ ሳር ነው።
ወረቀቱን አነበብኩለት፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ ግማሹን እየዘለልኩ።
«ስንት ቆጠርሽ?» አለኝ። ነገርኩት።
ከንፈሩን መጠጠ።
«የላላ አገኘሽ?»
«አንድ።»
ቀና አለ፤ በምርኩዙ አስፋልቱን መታ፦
«አጠበቅሽው?»

ነገ ማክሰኞ ነው፣ የገንደ ቆሬ የውኃ ተራ።
አዴ ሂንድያ ክዳኑን ትገፋና ትጠይቀኛለች፣ እንደ ሁልጊዜው፣
ቧንቧው መቼ በየቀኑ እንደሚመጣ።
ቡሽራ ጭልፋውን አጥቦ
ደጅ ላይ ሰቅሎታል።